ከ14 ዓመት በኋላ ለቅሶ ይደረሳል?

የአንባቢዋ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። ኦስሎ ከገባሁ 30 ዓመት አልፎኛል። ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ፤ እስከዛሬ ለመጻፍ ግን ወኔው አልነበረኝም።

ጁላይ 22 ቀን 2011፣ በእኛ ሐምሌ 15 ቀን 2003፣ እዚህ አገር የሆነውን ያስታውሱ ይሆናል። አንድ የአገሩ ተወላጅ ኦስሎ መሀል፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደጃፍ፣ ቦምብ የጫነ መኪና አፈንድቶ 8 ሰው ገደለ። ከዚያ የፖሊስ ልብስ ለብሶ ወደ ኡቶያ ደሴት ተሻገረና ካምፕ ላይ የነበሩትን የሠራተኛ ፓርቲ ወጣቶች መተኮስ ጀመረ። እዚያ 69 ሰው ገደለ። ልጄ ያኔ 17 ዓመቷ ነበር፤ እዚያው ነበረች። ውሃው ዳር ድንጋይ ሥር ተወሽቃ ነው የተረፈችው። “እማዬ እንዳትደውይ፣ ስልኩ ከጮኸ ይሰማናል፣ እወድሻለሁ” የሚል መልእክት ላከችልኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ወጥ ቤት ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት አልነግርዎትም።

ማታ የተረፉት ልጆች ወደተሰበሰቡበት ሱንድቮለን ሆቴል ሄድን። ልጄን ብርድ ልብስ ተጠቅልላ አገኘኋት። አቅፌያት እያለቀስኩ የቅርብ ጓደኛዋ እናት መጡ። የአንድ ሰፈር ሰዎች ነን፤ ልጆቻችን አብረው ነው ያደጉት። የልጄን ትከሻ ይዘው “የእኔስ? አይተሻታል?” አሏት። ልጄ ዝም አለች። ፊቷን ሳይ ገባኝ። አይታ ነበር። ያን ጊዜ እጇን ጎትቼ “ደክሟታል” ብዬ ይዣት ወጣሁ። እኚያ እናት የልጃቸውን ቁርጥ ያወቁት ከቀናት በኋላ ነው።

ለቅሶ አልደረስኩም። ቀብርም አልሄድኩም። እኛ አገር እኮ የተጣላ ሰው እንኳ ለቅሶ ይደርሳል። የእኔ ተርፋ በምን ፊቴ እሄዳለሁ አልኩ። ዛሬ ነገ ስል ወር ሞላ፣ ዓመት ሆነ፣ ከዚያማ ጭራሽ አፈርኩ። ሱቅ ውስጥ ካየኋቸው ዞሬ እወጣለሁ። ሐምሌ 15 ቂርቆስ ነው። በየዓመቱ ሻማ አብርቼ ስለ ልጄ አመሰግናለሁ። ምስጋናውን ሳልጨርስ የዚያች ልጅ ፊት ድቅን ይልብኛል።

ባለቤቴ ወሬው ቤት ውስጥ እንዲነሳ አይፈልግም። “ተርፋለች፣ በቃ” ነው የሚለው። ያ ሰው ቴሌቪዥን ላይ ከታየ ግን ያብዳል። “77 ሰው ገድሎ 21 ዓመት! በአንድ ነፍስ አራት ወር እንኳ አይሞላም። ይሄ ነው ፍትሕ?” ይላል። እሱ ታናሽ ወንድሙን በቀይ ሽብር ያጣ ሰው ነው። ያኔ እናቱ ደረታቸውን እንዳይደቁ ተከልክለው ነበር።

ባለፈው ነሐሴ እዚሁ ኦስሎ፣ በአንድ የወጣቶች መኖሪያ ውስጥ ተረኛ የነበረች ትውልደ ኢትዮጵያዊት ተገደለች። ፖሊስም ጉዳዩን በሽብር ጭምር ያዘው። ልጄ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣች። ከዚያ አንድ ቀን መጥታ “በሚመጣው ጁላይ 15 ዓመት ይሞላዋል። ደሴቱ ድረስ አብረሽኝ ሂጂ። አንድም ቀን ሄደሽ አታውቂም” አለችኝ። የጓደኛዋ እናት በየዓመቱ እንደማይቀሩ፣ እዚያ ሲገናኙ እንደሚተቃቀፉ፣ ስለ እኔም እንደሚጠይቋት ነገረችኝ።

ምን ላድርግ? ብሄድ ከኚያ እናት ፊት መቆሜ ነው። ብቀር ልጄ ትቀየመኛለች። ባለቤቴ ደግሞ ገና ሳልነግረው ፈርቼዋለሁ።

የልጅ እናት፣ ከኦስሎ

መልስ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤዎ ውስጥ ሮጥ ብለው ያለፉት ነገር አለ። መጀመሪያ እሱ ላይ ልቁም። እኚያ እናት ስለ እርስዎ ይጠይቃሉ። ያውም በየዓመቱ፣ ልጃቸው በሞተችበት ቦታ፣ በሞተችበት ቀን። ልባቸውን እኔ አላውቅም፤ ቅሬታም ይኖራቸው ይሆናል። ግን ጭርሱን የቆረጠ ሰው “እናትሽስ እንዴት ናት?” አይልም። 14 ዓመት ሙሉ እርስዎ በራስዎ ላይ የፈረዱትን ፍርድ እሳቸው እንደፈረዱ የሚያሳይ ነገር ደብዳቤዎ ውስጥ አላገኘሁም።

ወደዚያች ሌሊት እንመለስ። እርስዎ አንድ ጥፋት አድርገው የጻፉት ለእኔ ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

አንደኛው ሆቴል ውስጥ የሆነው ነው። የ17 ዓመት ልጅ፣ ገና ልብሷ ሳይደርቅ፣ የጓደኛዋን ሞት ለእናቷ ልታረዳ ነበር። እኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ያውቃሉ። ዘመድ ተመካክሮ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎህ ሲቀድ ተሰብስቦ ተሄዶ ነው። የትም ቦታ ቢሆን ልጅ ላይ አይጣልም። እርስዎ ያኔ ይህን ሁሉ አላሰቡም፤ እጅዎ ነው ቀድሞ የጎተታት። እሱን ይተዉት፤ ጥፋት አይደለም።

ሁለተኛው ለቅሶ አለመድረስዎ ነው። እዚህ ላይ ላባብልዎ አልፈልግም፤ ጎድሏል። እርስዎም ያውቁታል። ባያውቁት ኖሮ ሱቅ ውስጥ ዞረው አይወጡም ነበር። ደግነቱ ይሄኛው አሁንም ሊሟላ ይችላል።

ከ14 ዓመት በኋላ ይደረሳል ወይ? የእኛኑ ወግ ያስቡት። ከውጭ አገር ስንት ዓመት ቆይቶ አዲስ አበባ የገባ ሰው ሻንጣውን አስቀምጦ ከሚሄድባቸው ቤቶች አንዱ ያልደረሰበት ለቅሶ ቤት ነው። “አሁን ምን ያደርጋል፣ አልፎበታል” የሚለው የለም። በር ላይ ሲያዩት እንደ አዲስ ይለቀሳል። ከዚያ ቡና ይፈላል፣ ስለ ሟች ይወራል። እርስዎም በኖሩበት 14 ዓመት ሙሉ ሩቅ አገር እንደነበሩ ይቁጠሩት።

አካሄዱን ግን የአገሩ ሰው በሚወደው መንገድ ያድርጉት። ኖርዌጂያኖች በር አንኳኩቶ የገባ እንግዳ ያስደነግጣቸዋል፤ ይህን እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ስለዚህ መጀመሪያ ካርድ ይጻፉ። በእጅዎ፣ በራስዎ ኖርሽክ (ኖርዌይኛ)፤ ሰዋስዉ ቢንሻፈፍ ግድ የለም። ልጅዎ እንድታርምልዎትም አይስጧት። ምን እንደሚጻፍ ከመናገሬ በፊት ግን ልጠይቅዎ፦ ያቺ ልጅ ቤትዎ ትመጣ ነበር? እንጀራ በእጇ መብላት ለምዳ ነበር ወይስ ሹካ ትጠይቅ ነበር? ሳቋ እንዴት ነበር? እርስዎን ምን ብላ ነበር የምትጠራው?

ይህን የምጠይቀው በምክንያት ነው። ችሎቱ ኦስሎ ውስጥ የተካሄደው እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ እስከ ሰኔ 2012 ነበር። ስለ እያንዳንዱ ሟች መጀመሪያ የአስከሬን ምርመራው ውጤት ይነገራል። የት እንደተገኘ፣ የት እንደተመታ። ቀጥሎ የሟቹ ፎቶ ስክሪን ላይ ይወጣና የቤተሰቡ ጠበቃ አጭር የሕይወት ታሪኩን ያነባል። ምን ይወድ እንደነበር፣ ምን የመሆን ሐሳብ እንደነበረው። ለ77ቱም እንዲህ ተደረገ። ስለዚህ እኚያ እናት ልጃቸው እንዴት እንደሞተች ሰምተዋል። ከእርስዎ መርዶ አይጠብቁም። እርስዎ ጋ ያለው ፍርድ ቤቱ ያልነበረው ነገር ነው፤ የእርስዎ ወጥ ቤት ውስጥ ያለችዋ ልጅ። ካርዱ ላይ እሷን ይጻፉላቸው። ስሟን ይጥሩ። ሰው ስሟን መጥራት ሲፈራ ለእናት ልጇ እንደገና የሞተች ያህል ነው።

“ያኔ ያልመጣሁት የእኔ ተርፋ በምን ፊቴ ብዬ ነው፤ ይቅርታ” ማለት ይበቃል። ከዚያ በላይ ምክንያት አይደርድሩ። ረጅም ማብራሪያ ከጻፉ ሐዘንተኛዋ እርስዎን ማጽናናት ይጀምራሉ። “እግዚአብሔር የእኔን አተረፈልኝ” የሚለው ደግሞ እውነት ቢሆንም እዚህ ካርድ ላይ አይግባ። የሚያነቡት እናት “የእኔንስ ለምን?” ይላሉ፤ መልስ የለንም። ቡና አብሬዎት ብጠጣ ደስ ይለኛል ብለው ስልክዎን ጽፈው ይተዉት። ከደወሉ ድፎ ዳቦ ጋግረው ይሂዱ። ለቅሶ ባዶ እጅ አይኬድም፤ እሳቸውም ሲቀምሱት ይገባቸዋል።

ልጅዎ ደሴቱ ላይ ያየችውን ነገር በተመለከተ አደራ፣ እርስዎ አያንሱት። ነገሩ የልጅዎ ነው። ሁለቱ በየዓመቱ የሚተቃቀፉ ከሆነ እስካሁን የተባባሉት ይኖራል፤ ወይም ሳይባባሉ ተግባብተው ይሆናል። እርስዎ አስታራቂ መሆን የለብዎትም።

አሁን ስለ ልጅዎ። “አንድም ቀን ሄደሽ አታውቂም” ያለችው ቅሬታ ነው፤ ግን ግብዣም ነው። ከ14 ዓመት በኋላ አሁንም እየጋበዘችዎት ነው። ከመሄድ ካለመሄድ በፊት አንድ ነገር ይጠይቋት፦ “እዚያ ስሄድ ምን እንድመለከትልሽ ነው የምትፈልጊው?” ምናልባት የተደበቀችበትን ድንጋይ ልታሳይዎት ይሆናል። ያኔ ስልክ ይዘው ወለል ላይ የተቀመጡት እርስዎ ነዎት፤ በዚያኛው ጫፍ የነበረውን ቦታ ግን እስከ ዛሬ አላዩትም። ፍላጎቷ ይህ ከሆነ ጁላይ 22 መሆን የለበትም። የዚያን ቀን ባለሥልጣን፣ ካሜራ፣ ጋዜጠኛ ይበዛል፤ ያውም 15ኛ ዓመት። ግንቦት ውስጥ አንድ ተራ ቅዳሜ ሁለታችሁ ብቻ ብትሄዱስ?

በአንድ ጊዜ ሁሉንም መዋጥም የለብዎትም። ኦስሎ ካቴድራል ደጃፍ ያሉት የብረት ጽጌረዳዎች አሉ፤ ካዩዋቸው ይኖራሉ። ካላዩ ከዚያ ይጀምሩ። ከተማ መሀል ነው፣ ሲያቅትዎ ትራም ይዘው ቤትዎ መግባት ይችላሉ። ቀጥሎ ኡቶያካያ አለ፤ ከደሴቱ ትይዩ ያለው የየብስ ወደብ። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ 77 የነሐስ ዓምዶች ቆመዋል። ጀልባ ሳይሳፈሩ ውሃውን ማዶ ለማዶ ማየት ይቻላል። ልጅዎን ስለ ጀልባው አስቀድመው ይጠይቋት። ቶርብየርን የምትባለዋ አሮጌ ጀልባ ያን ቀን ገዳዩን ያሻገረች ናት። አንዳንዱ ሰው እሷ ላይ መውጣት ይከብደዋል፤ ልጅዎ ግን ለምዳው ይሆናል።

ደሴቱ ላይ ሲደርሱ ሁለት ነገር ያያሉ። አንደኛው ጥድ ውስጥ የተንጠለጠለ ትልቅ የብረት ቀለበት ነው፤ የሟቾቹ ስምና ዕድሜ ተቀርጾበታል። ሲሠራ አንዳንድ ቤተሰቦች የልጃቸው ስም እንዲጻፍ አልፈለጉም ነበር። ማንም አላስገደዳቸውም፤ ቦታው ክፍት ተተወላቸው። ሁለተኛው ብዙ ልጆች የተገደሉበት የካፌው ክፍል ነው። አላፈረሱትም፤ በላዩ ሌላ ቤት ሠርተው ሸፈኑት። ውስጥ 69 ምሰሶዎች አሉ፣ ለሞቱት። ቤቱን ዙሪያውን የከበቡት ቀጫጭን እንጨቶች ደግሞ 495 ናቸው፣ ደሴቱ ላይ ለተረፉት። ከ495ቱ አንዱ የልጅዎ ነው። ለምስጋና ሻማ የሚያበሩላት ልጅ እዚያ ተቆጥራ ቆማለች። እርስዎ መትረፏን ሲያፍሩበት የኖሩት፣ እነሱ ከሟቾቹ ጋር አንድ ቤት ሠሩለት።

እናንተ ቤት ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ሐዘን እንደያዘ ይገባኛል። አገሩ ራሱ አልተስማማም። መጀመሪያ የታሰበው የመታሰቢያ ንድፍ ከደሴቱ አጠገብ ያለችን አንዲት የመሬት ጫፍ ቆርጦ የሚለይ ነበር። ሐይቁ ዳር የሚኖሩት ሰዎች “በየቀኑ ማየት አንችልም” ብለው ተከራከሩ፤ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዱ። መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2017 ንድፉን ተወው። እነዚህ ሰዎች ደንታ ቢሶች እንዳይመስልዎ። ያን ቀን የጥይት ድምፅ እየሰሙ በገዛ ጀልባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ልጆቹን ያወጡት ከእነሱ መካከል ናቸው። ማየት አለመፈለግም አንዱ የሐዘን ዓይነት ነው። ባለቤትዎን ሳስብ እነሱ ናቸው ትዝ ያሉኝ።

ባለቤትዎ። ወንድሙ ሲገደል እናቱ እንዳያለቅሱ ተከልክለዋል። በዚያ ዘመን የልጁን አስከሬን ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ የተጠየቀ ወላጅ ነበር። ልቅሶ በተከለከለበት ቤት ያደገ ሰው ሐዘን ሲመጣ የሚያውቀው መንገድ አንድ ነው፤ ሆድ ይፍጀው። ክፋት አይደለም፣ ያኔ ሕይወት ያተረፈ ብልሃት ነበር። ቁጣውንም አልፈርድበትም። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ እኔም ሳሰላው ሆዴ ተገላበጠ። አቃቤ ሕጎቹ ችሎት ውስጥ የዚያን ሰው እጅ ሲጨብጡ ያየ ሐበሻ ሁሉ “ምን ጉድ ነው!” ብሏል።

ግን ሁለት ነገር ቢያውቅ ጥሩ ነው። የመጀመሪያው፣ 21 ዓመቱ እንደ እኛ አገር እስራት ተቆጥሮ የሚያልቅ አይደለም። ፎርቫሪንግ የሚሉት ነው፤ አደገኛነቱ እስካልጠፋ ድረስ ፍርድ ቤት በየአምስት ዓመቱ ሊያራዝመው ይችላል፣ ገደብ የለውም። አሥር ዓመቱ ሲሞላ እ.ኤ.አ. በ2022 ልፈታ ብሎ ጠየቀ፤ ተከለከለ። በ2024 ደግሞ ጠየቀ፤ ተከለከለ። የተያዝኩበት ሁኔታ ሰብአዊ መብቴን ይጥሳል ብሎ መንግሥትን ከስሶም ነበር። በ2016 በከፊል ተፈርዶለት በይግባኝ ተሻረ፤ በ2024ም እንደገና ሞክሮ ተሸነፈ። ሕጉ ስለሚፈቅድለት ገና ይመላለሳል። ይህ ማለት ያ ፊት ቴሌቪዥናችሁ ላይ ገና ብዙ ጊዜ ይመጣል። ከአሁኑ ተመካከሩበት። ዜናው ሲጀምር ማን ነው የሚያጠፋው? ልጅቷ እናንተ ጋ እያለች ነው የሚታየው ወይስ አይታይም? ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ድንገት ሲመጣ ነው ሰው የሚበላው።

ሁለተኛውን እንዴት እንደሚነግሩት እርስዎ ያውቃሉ። “በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች” ይባላል አይደል? የባለቤትዎ ወንድም ያለ ፍርድ የሄደ ነው። መንግሥቱ ኃይለማርያም በሌሉበት ታኅሣሥ 1999 ጥፋተኛ ተባሉ፤ በይግባኝ በ2000 ሞት ተፈረደባቸው። ሰውየው ግን ዚምባብዌ ነበሩ። የሞት ፍርድ ወረቀት ላይ፣ ሰውየው ጥገኝነት ውስጥ። ኦስሎ ላይ ግልባጩ ነው የሆነው። ፍርዱ ቀላል ይመስላል፤ ሰውየው ግን ተይዟል፣ ፊት ለፊት ተጠይቋል፣ የገደላቸውን ሰዎች ሕይወት አንድ በአንድ ቁጭ ብሎ እንዲሰማ ተደርጓል። መንግሥትም ራሱን አስመርምሯል። የምርመራ ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ሪፖርት ቦምቡ የፈነዳበትን መንገድ አስቀድሞ መዝጋት ይቻል እንደነበር፣ ፖሊስም ያን ቀን ገዳዩን ከያዘበት ሰዓት ቀድሞ ሊይዘው ይችል እንደነበር ሳይሸፋፍን ጽፏል። የባለቤትዎ ቁጣ ግማሹ ለዚህኛው ገዳይ፣ ግማሹ ለዚያኛው ይመስለኛል። ልሳሳት እችላለሁ። እርስዎ ሲያዩት ምን ይመስልዎታል?

ቁጣውን ለማብረድም አይድከሙ። ችሎቱ እየተካሄደ አንድ ወንድሙን ያጣ ሰው ከመቀመጫው ተነስቶ “ወንድሜን ገደልከው” እያለ ጫማውን ወረወረበት። ጫማው ገዳዩን ስቶ ከጠበቆቹ አንዷን መታ። አዳራሹ ውስጥ ያጨበጨቡ ነበሩ፤ ያለቀሱም። ሰውየውን ቀስ ብለው ይዘውት ወጡ፤ ችሎቱ ቆይቶ ቀጠለ። ይህን ታሪክ ለባለቤትዎ ቢነግሩት ደስ ይለው ይሆናል። ለቁጣም ቦታ አለ ማለት ነው።

“ቢሰቀል ኖሮ” ካለዎት ደግሞ አሜሪካ አድርገውታል። እ.ኤ.አ. በ1995 ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ በቦምብ 168 ሰው የገደለው የገዛ አገራቸው ልጅ በ2001 በሞት ተቀጥቷል። ከ200 በላይ የተረፉና ሐዘንተኞች በቴሌቪዥን ሲሞት አይተዋል። ከሟቾቹ አንዷ የ23 ዓመት ሴት ነበረች፤ አባቷ ባድ ዌልች ግን ቅጣቱን ተቃወመ፣ የገዳዩን አባት ቤቱ ድረስ ሄዶ አነጋገረ። ባለቤትዎ እንደ እሱ ይሁን እያልኩ አይደለም። እኔም አልሆንም ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ግን ሁለቱም ዓይነት ሰዎች በማግስቱ የልጃቸውን አልጋ ባዶ ነው ያገኙት።

ደሴቱ እንዲሄድ አያስገድዱት። “እኔና ልጄ እንሄዳለን፣ ከፈለግክ ቦታህ አለ” ብለው ይንገሩት፤ አይደብቁት። ደብቀው ከሄዱ ሌላ ዝምታ ይጨመርበታል። አንድ ጥያቄ ግን ይጠይቁት፤ የሚመች ቀን መርጠው፣ ምናልባት ቡና ላይ፦ “ወንድምህ ምን ዓይነት ልጅ ነበር?” ስለ አሟሟቱ ሳይሆን ስለ እሱ። ልጃችሁ ባለችበት ቢሆን ይመረጣል። የአጎቷን ስም ታውቅ ይሆን? አዲስ አበባ ስትሄዱ መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳው በሟቾች ፎቶ የተሞላ ነው። አባትና ልጅ አብረው ቢያዩት እርስ በርስ የሚነጋገሩት ያገኛሉ። በእናንተ ቤት የሚወዱትን ሰው በጥላቻ ያጡት ሁለቱ ናቸው።

ስለ ራስዎም አንድ ነገር። የኖርዌይ ተመራማሪዎች ከኡቶያ የተረፉትን ልጆች ብቻ ሳይሆን ወላጆቻቸውንም ለዓመታት ሲከታተሉ ኖረዋል፤ ወላጅም አብሮ እንደሚጎዳ ስለሚታወቅ ነው። ያን ስልክ ይዘው ወለል ላይ የተቀመጡበትን ሰዓት ለማንም ተናግረው ያውቃሉ? ለእኔ “አልነግርዎትም” ብለው አልፈውታል፤ ልክ ነዎት፣ ለጋዜጣ አይነገርም። ለፋስትሌገዎ (ለቋሚ ሐኪምዎ) ግን “14 ዓመት ሆነኝ፣ አሁንም እንቅልፍ ይነሳኛል” ቢሉ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ይልክዎታል። አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አለዎት፤ ኖርሽክ ቢችሉም እንኳ ይህን በአማርኛ ማውራት ይቀላል። ከጁላይ 22 በኋላ የተቋቋመው ብሔራዊ የድጋፍ ማኅበርም የሟች ቤተሰብ ብቻ አይደለም፤ የተረፉትና ቤተሰቦቻቸውም አሉበት። ልጅዎ ታውቀዋለች፤ እሷን ይጠይቋት።

ከሁሉም ካርዱ ይቅደም። ካልመለሱልዎት አንድ ወር፣ ሁለት ወር ዝም ይበሉ፤ ሁለተኛ አይጻፉ፣ ልጅዎንም “ምን አሉ?” ብለው አይላኩ። ካርዱ ደርሷቸዋል፤ ያ ይበቃል። ሱቅ ውስጥ ሲያዩአቸው ግን ዞረው አይውጡ። ቆመው ሰላም ይበሉ። ደግሞ ካርዱን ሐምሌ ሲቃረብ አይላኩት፤ አሁን ይላኩት። ከሰኔ ጀምሮ እኚያን እናት ጋዜጠኛውም፣ ባለሥልጣኑም፣ የማያውቁት ሰውም ይፈልጋቸዋል። የእርስዎ ካርድ ማንም በማይፈልጋቸው ሳምንት ይድረሳቸው።